የመጨረሻውን ሃሪ ፖተር ስንጠብቅ

ሰባተኛው ፊልም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2010 ታሪኩን አጋማሽ ላይ አቁሞ ሲለየን፣ የመጨረሻው ፊልም እስከወጣበት እስከ ጁላይ 2011 ያሉት ወራት የጉጉት ወራት ሆኑ። መጽሐፉን ያነበብን ሰዎች ፍጻሜውን እናውቀዋለን፤ የጓጓነው አኳኋኑን ለማየት ነበር።

ትልቁ ተስፋዬ የሃሪ መምህር ስኔይፕ ነበር። እሱን የተጫወተው አለን ሪክማን ከ2001 ጀምሮ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁና በማይፈታ ፊቱ አንድ ምስጢር ሲጠብቅ ኖሯል። ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የመጨረሻው መጽሐፍ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ስለ ገጸ ባሕርይው ጥቂት ሹክ ብላው ነበርና፣ ያን ሁሉ ዘመን የተሸከመው ነገር በጥድፊያ እንዳይታለፍ ፈራሁ። ዳይሬክተሩ ዴቪድ የትስ አልተጣደፈም። ስኔይፕ የሃሪን እናት የሊሊን አስከሬን አቅፎ የሚያለቅስበት ትዕይንት መጽሐፉ ውስጥ የለም፤ ግን ምን ያህል እውነት ነው!

የሃሪ የትምህርት ቤት ጓደኛ ኔቪልም አላሳፈረኝም። ያ ዓይን አፋርና ዝንጉ ልጅ ሰይፉን መዝዞ የሃሪን ጠላት የቮልደሞርትን እባብ ሲቆርጥ ማየት፣ አብረውት ላደጉ ሁሉ ካሳ ነው።

አንድ ተስፋዬ ግን ሳይሞላ ቀረ። በመጽሐፉ ሃሪና ቮልደሞርት የሚጋጠሙት በትምህርት ቤቷ ታላቅ አዳራሽ፣ የተረፈው ሁሉ እያየ ነው፤ ሃሪም እውነቱን በሁሉም ፊት ይዘረግፍበታል። ፊልሙ ለብቻቸው ግቢው ውስጥ አፋለማቸው። ለዚያች ትምህርት ቤት ደማቸውን ያፈሰሱ ሰዎች የጠላታቸውን አወዳደቅ በዓይናቸው ማየት ይገባቸው ነበር እላለሁ፣ ዛሬም።