ሒሳብ የሰው ሐሳብ ነውን?

በ505 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. በ1111) ያረፉት ኢማም አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ «አል-ሙንቂዝ ሚነ-ድ-ደላል» በተሰኘው ኪታባቸው ስለ እርግጠኛ ዕውቀት ሲናገሩ ያመጡት አንድ ምሳሌ አለ። አሥር ከሦስት መብለጡን በእርግጥ ያወቀ ሰው፣ ሌላው በትርን እባብ አድርጎ እያሳየ ሦስት ይበልጣል ቢለው እንኳ፣ በሥራው ይደነቅ እንደሆነ እንጂ ዕውቀቱን አይጠራጠርም ነው ነገሩ። ይህን ምሳሌ፣ ቁጥር ከሰው አእምሮ ውጭ የቆመ ሐቅ ለመሆኑ መረጃ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ።

ምሳሌው ግን ያን ያህል አይሸከምም። «ሒሳብ ሰው ያወጣው ሐሳብ ነው» የሚል ተከራካሪ «የገበጣን ሕግም በእርግጥ አውቃለሁ፤ በትር እባብ ቢሆን ሕጉ አይለወጥብኝም፤ ሆኖም ሕጉን ያወጣው ሰው ነው» ብሎ ቢመልስ ምን እንላለን? እርግጠኛ መሆን አንድ ነገር ነው፤ እርግጠኛ የሆንበት ነገር ከየት መጣ የሚለው ሌላ ነው። ኢማሙ የተነሡት ለመጀመሪያው ጥያቄ ነበርና ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን ያላሉትን የምናስብላቸው የእኛ ነው።

ለሁለተኛው ጥያቄ የተሻለው ምሳሌ በዒልመል ፈራኢድ ውስጥ ይገኛል። አንዲት ሴት ልጅም ወላጅም ሳይኖራት ባልዋንና ሁለት የአባትና የእናት እህቶችዋን ትታ ሞተች እንበል። ለባል ግማሽ፣ ለሁለቱ እህቶች ሁለት ሦስተኛ ተደንግጓል። ዕዳዋ ተከፍሎ የተረፈው 42,000 ብር ቢሆን ባል 21,000፣ እህቶች 28,000 ሊደርሳቸው ነው። ድምሩ 49,000፤ ማለትም ሰባት ስድስተኛ። 7,000 ብር ጎደለ።

በዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) ዘመነ ኺላፋ እንዲህ ያለው ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ሰሓቦችን አማክረው፣ ንብረቱ ለዕዳው ሳይበቃ ሲቀር ባለ ገንዘቦች ጉድለቱን በየድርሻቸው እንደሚካፈሉት ሁሉ፣ ወራሾችም እንዲካፈሉት ፈረዱ። ይህ ዐውል ይባላል። ከስድስት ይሰጥ የነበረው ከሰባት ይሰጣል፦ ለባል ሦስት ሰባተኛ፣ ለእህቶች አራት ሰባተኛ። በምሳሌያችን 18,000ና 24,000 ማለት ነው። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ግን ኋላ ይህን አልተቀበሉም። በእርሳቸው አመለካከት ባል ግማሹን ሳይነካ ይወስዳል፤ ጉድለቱ በእህቶች ላይ ይወድቃል፤ ለእያንዳንዳቸው 12,000 የነበረው 10,500 ይሆናል። አራቱ መዝሀቦች ዐውልን ይዘዋል።

እስቲ አንባቢ ሆይ፣ የተለያዩበትን ትተህ ያልተለያዩበትን ተመልከት። ጉድለቱን ማን ይሸከም በሚለው ተከራከሩ። ግማሽና ሁለት ሦስተኛ ተደምረው ከአንድ ይበልጣሉ በሚለው ግን አንድም ተከራካሪ አልተነሣም። የገበጣ ተጫዋቾች ሕጉ ካላስማማቸው ሕጉን ይለውጡታል። እዚህ ግን ገንዘብና ዝምድና ተይዞ፣ «ድምሩ አንድ ይሁን» ብንባባል ሁሉም እፎይ በሚልበት ሰዓት፣ ያ መንገድ ለማንም አልተከፈተም። ፍርዱ የሰው ኢጅቲሃድ ነበር፤ ፍርድ እንዲያስፈልግ ያስገደደው ጉድለት ግን ሰው ያወጣው አልነበረም።

ከሰው የሆነው ብዙ መሆኑን አልክድም። ሰባትን ግዕዝ ፯ ብሎ ይጽፋል፤ በአብጀድ አቆጣጠር ዛይ የሚባለው ፊደል ይወክለዋል። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ እንኳ የለውም፤ ያለዚያም ሲቆጠርበት ኖሯል። ከዚህ የሚከብደው የጂኦሜትሪ ጉዳይ ነው። የኤውክሊድን የትይዩ መስመሮች መነሻ ዑመር ኸያምና ነሲሩዲን አጥ-ጡሲ ለማረጋገጥ ደከሙ፤ በ1829 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ ያን መነሻ ትቶ እርስ በርሱ የማይጋጭ ሌላ ጂኦሜትሪ አወጣ። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ የሦስት ማዕዘን ድምር 180 ዲግሪ ነው፤ በሉል ላይ ከዋልታ እስከ ምድር ወገብ ብትስል ሦስቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ ሆነው 270 ይመጣልሃል። እንግዲህ መነሻውን መምረጥ የእኛ ሆነ። ከመነሻው የሚከተለውን ግን ማን መረጠ? ሎባቼቭስኪም ቢሆን ያገኘውን እንጂ የፈለገውን አልጻፈም።

«ከሰው ውጭ» ስንል ከአላህ (ሱ.ወ.) ውጭ ማለታችን እንዳልሆነ መቼም ግልጽ ነው፤ ሱረቱል ጂን ሲያበቃ ነገር ሁሉ በእርሱ ዘንድ በቁጥር የታወቀ መሆኑ ተነግሮናል።

የኢማሙ ኪታብ ለዚህ ጉዳይ በጣም የሚጠቅመው እንዲያውም ከበትሩ ምሳሌ ይልቅ ጥቂት ወረድ ብለው ስለ ሒሳብ በጻፉት ነው። እነዚህን ዕውቀቶች በመካድ ዲንን የረዳ የሚመስለውን ጃሂል ወዳጅ ይገሥጻሉ። ዛሬም ፈራኢድን በሚያስቀሩ አንዳንድ ቦታዎች ደረሳው ድርሻዎቹን በቃሉ ይሸመድዳል፤ ክፍልፋይ መደመር ግን «የዱንያ ትምህርት ነው» ተብሎ ይታለፋል። ያ ደረሳ ነገ ሸኽ ተብሎ ከባልና ከሁለት እህቶች መካከል ይቀመጣል። ግማሹን ለባል አስቀድሞ ቢሰጥና የተረፈውን ለእህቶች ቢተው፣ ዐውልን እይዛለሁ እያለ ከእያንዳንዷ እጅ 1,500 ብር ወስዷል።