አርቺ በንከርና መልስ ያለው ስድብ

«ማይንድ ዩር ላንጉጅ» የተሰኘውን የእንግሊዞች ተከታታይ ኮሜዲ በቪዲዮ ካሴት ሳይ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ለንደን ውስጥ አንድ የማታ ክፍል ነው፤ ከየአገሩ የመጡ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ይማራሉ። ጃፓናዊው የቃሉን ሁሉ መጨረሻ «ኦ» ያደርገዋል፤ ቻይናዊቷ የማኦን ቀይ መጽሐፍ ከእጇ አትለይም፤ ፓኪስታናዊውና ሲኩ ሲነታረኩ ይውላሉ።

ከዓመታት በኋላ ጀርመን አገር እኔው ራሴ እንዲህ ያለ ክፍል ገባሁ። ጠረጴዛን በሴት ጾታ ብጠራው መምህራችን ሳቀች። በጀርመኖች ዘንድ ጠረጴዛ ወንድ ነው ለካ! በአማርኛ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። በጀርመንኛ ግን ዝም አልኩ።

የዚያ ድራማ ጉድለት የገባኝ ያኔ ነው። በስህተት መሳቅ ነውር የለውም፤ የቋንቋ ስህተት ያስቃል። ነገር ግን እነዚያ ተማሪዎች ከስህተታቸውና ከአገራቸው ስም በቀር የተሰጣቸው ነገር ጥቂት ነው። አሠሪው ጣቢያም እ.ኤ.አ. በ1979 አቋረጠው፤ ኃላፊው ማይክል ግሬድ በዘር ላይ ያነጣጠረውን ቀልድ አልወደደውም።

እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ በአሜሪካው ሲቢኤስ የታየው «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ግን አስቦበት የተነሣ ነው። የኩዊንሱ ወዛደር አርቺ በንከር ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጥቁሩን፣ አይሁዱን፣ ፖርቶ ሪኮውን ይሰድባል። የድራማው አባት ኖርማን ሊር የፈለገው በአርቺ ድንቁርና እንድንስቅ ነበር። ሁሉም እንዲያ አልሳቀም። ቪድማርና ሮኪች የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት ጥናት፣ የዘር ጥላቻ የበረታባቸው ተመልካቾች አርቺን ያደንቁት እንደነበር አሳይተዋል።

እንዲያም ሆኖ ፍርዴ ለአርቺ ድራማ ያደላል። ምክንያቱም ከጎረቤቱ ጆርጅ ጄፈርሰን አለ፤ ጥቁር፣ የልብስ ንጽሕና መስጫ ባለቤት፣ ነጭ የሚንቅ፣ ምላሱ ከአርቺ የማያንስ። ስድቡ መልስ አለው። ጆርጅም እ.ኤ.አ. በ1975 የራሱን ድራማ አግኝቶ እስከ 1985 ዘለቀ።

«የዘር ነገር ጨርሶ ባይነሳስ?» የሚሉ አሉ። «ፍሬንድስ» እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 2004 ድረስ ያን መንገድ ሞክሮታል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በሚተራመስባት ኒውዮርክ ስድስቱም ባልንጀሮች ነጮች ናቸው። ስድቡም የለም፣ ሰውም የለም።

በእኛም የቴሌቪዥን ቀልዶች አማርኛ አፉን ያልፈታበት ሰው ገና ሁለት ቃል ሳይናገር ይሳቅበታል። ያ ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲተርትና ሌላውን ሲያስቅ ያየሁበትን ድራማ ላስታውስ ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ አንድም አልመጣልኝም።