የሮዘንሃን ጥናት ለተማሪው ምን ያስተምራል?

በሥነ ልቡና የምርምር ዘዴ ትምህርት ለስውር ምልከታ በአብነትነት ከሚጠቀሱት አንዱ ዴቪድ ሮዘንሃን እ.ኤ.አ. በ1973 በ«ሳይንስ» መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። 8 ጤነኛ ሰዎች «ድምፅ ይሰማናል» ብለው በአሜሪካ ወደሚገኙ 12 ሆስፒታሎች ሄዱ፤ ሁሉም ተኝተው እንዲታከሙ ተወሰነ። ከገቡ በኋላ እንደ ጤነኛ ቢመላለሱም ከ7 እስከ 52 ቀናት ቆዩ። ምርመራችን ምን ያህል አስተማማኝ ነው የሚለው የጥናቱ ጥያቄ ዛሬም ተገቢ ነው።

ዘዴው ግን ከባድ ጉድለት አለበት። ሆስፒታሎቹ በስም ስላልተገለጹ ውጤቱን ማጣራት አዳጋች ሆኗል። የ9ኛው ተሳታፊ መረጃ፣ ስለ ራሱ ሐሰተኛ ታሪክ ተናግሯል ተብሎ ከጥናቱ ወጣ፤ እኒሁ ተሳታፊ፣ ሃሪ ላንዶ፣ የገጠማቸው አያያዝ መልካም እንደነበር በ1976 ጽፈዋል። ጋዜጠኛ ሱዛና ካሃላን በ2019 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳመለከቱትም፣ በሮዘንሃን የሕክምና ካርድ ላይ የሰፈሩት ምልክቶች በጽሑፋቸው ከገለጿቸው የበዙ ነበሩ።

ስለዚህ ጥናቱ ከትምህርቱ ይውጣ አንልም፤ ከነጉድለቱ ይሰጥ እንላለን። በየጤና ተቋሙ መረጃ የምንሰበስብ ባለሙያዎችም፣ ከመላምታችን ያልተስማማውን ታካሚ ከጥናት ከማውጣታችን በፊት፣ የማውጫ መስፈርቱ ሥራው ሳይጀመር የተጻፈ መሆኑን ራሳችንን እንጠይቅ።