ዱላውን በየት በኩል ይዞት ነበር?

ጥብቅና ሊጀምር መካነ ሰላም የገባ አንድ ወጣት የሕግ ምሩቅ፣ «ጋሼ፣ የሰውን ልብ በምን እናስረዳለን? ዱላው ጭንቅላት ላይ ካረፈ አስቦ ነው ብሎ መዝጋት አይሻልም?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሻልም። ዕድሜዬን ስከራከር የኖርኩት ከዚህ አካሄድ ጋር ነው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ፣ ሞት ሊመጣ እንደሚችል እያወቀ «የመጣው ይምጣ» ብሎ የመታ በአንቀጽ 58 አስቦ እንዳደረገ ይቆጠራል። ያንኑ እያወቀ «አይደርስም» ብሎ የተማመነው ግን በአንቀጽ 59 ቸልተኛ ነው። አደጋው ለሁለቱም ታይቷቸዋል። ስለዚህ መገመቱን ማሳየት አይበቃም፤ ውጤቱን መቀበሉን ማስረዳት የዐቃቤ ሕግ ሸክም ነው። ልዩነቱም ቀላል አይደለም፦ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በ543(1) ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ።

አንድ የግጦሽ ጠብ ትዝ ይለኛል። ምስክሩን፣ «ዱላውን በየት በኩል ይዞት ነበር?» አልኩት። «ወፍራሙን ይዞ በቀጭኑ ነው የመታው።» «በሁለት እጁ?» «ኧረ በአንድ! በሌላው የበሬውን ገመድ ይዟል።» ሰውየው ሲወድቅ አልደገመውም፤ ጋቢውን ቀዶ ጭንቅላቱን አሰረለት፣ ቃሬዛውንም አብሮ ተሸከመ። ዐቃቤ ሕጉ፣ ይህ ጸጸት ነው፣ ለቅጣት ማቅለያ እንጂ ለሌላ አይሆንም አለ። ጸጸት ከድርጊቱ በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ገመዱን ያልለቀቀው ግን ሲመታ ነው። ሊገድል የቆረጠ ሰው በሬውን ይለቃል።

እንግሊዞችም እዚሁ ላይ ተሰናክለዋል። በስሚዝ ጉዳይ፣ ተከሳሹ በሚነዳው መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የነበረ ፖሊስ ወድቆ ሲሞት፣ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 ማንም አስተዋይ ሰው የሚገምተውን ውጤት ተከሳሹም እንዳሰበው ይወሰድ አለ። ፓርላማቸው በ1967 ያንን ሻረና ፍርድ ሰጪው ከማስረጃው ሁሉ ተነስቶ የተከሳሹን የራሱን ሐሳብ እንዲመዝን ደነገገ። ደግሞ በእነሱ ሕግ «የመጣው ይምጣ» ማለት ብቻውን ለነፍስ ግድያ አይበቃም። በእኛ ይበቃል። እንግዲያው ጥንቃቄው በእኛ ችሎት መባስ ነበረበት።

አባቴ ደም ለማድረቅ ከሚቀመጡ ሽማግሌዎች አንዱ ነበር። በገዳይና በሟች መካከል ቂም ነበረ ወይ የሚለውን ሳያጣራ ስለ ቁስሉ አያነሳም። ልጅ ሆኜ ከጎኑ ተቀምጬ እሰማ ነበር፤ ሕግ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ይህን ሙያ ያስወደደኝ ያ ጥያቄው ነው።

ዛሬም የምርመራ መዝገብ ስገልጥ የቁስሉ ርዝመት በሴንቲ ሜትር ተጽፎ አገኛለሁ፤ የዱላው አያያዝ ግን የለም። ምስክሩ ከወራት በኋላ ችሎት ሲቀርብ ይረሳዋል። ምሩቁን አደራ ያልኩት መዝገቡ ሳይዘጋ፣ ምስክሩም ሳይረሳ፣ ይህ እንዲጻፍ ገና ከምርመራው እንዲሟገት ነው።