ስለ አየር መንገድ የማይል ካርድ ጥቅም፤ በሆሳዕናና በአካባቢዋ ከተሞች ኑሮ የተመዘነ ሒስ

ባንኮች ከአየር መንገዶች ጋር ተባብረው የሚያወጡት፣ ዕቃ በተገዛበት ቍጥር የጉዞ ማይል የሚያስገኝ ካርድ በአገራችንም መታወቅ ጀምሯል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የደንበኞች ማኅበር የሆነውን የሸባማይልስን ስም የያዘ የባንክ ካርድም ወጥቷል። ስለ እንዲህ ያለው ካርድ ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ ሰው ያለዚያም በሚያወጣው ገንዘብ ላይ ነጻ ጉዞ ይጨምርለታል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አባባል በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞች ለሚኖር ቤተ ሰብ ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ መመርመር ነው።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር መመልከት ይገባል። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 እ. ኤ. አ. ደንበኞቹ በበረሩት ርቀት ልክ ማይል የሚያገኙበትን ደንብ አወጣ፤ በ1987 እ. ኤ. አ. ደግሞ ከሲቲባንክ ጋር ሆኖ፣ ሳይበሩም በግዢ ብቻ ማይል የሚያስገኝ ካርድ አቀረበ። ከዚያ ወዲህ ማይል ራሱ ሸቀጥ ሆነ። አየር መንገዱ ማይሉን ለባንኩ ይሸጣል፤ ባንኩም ለካርዱ ባለቤት ይሰጣል። ባንኩ ለዚህ የሚያውለው ገንዘብ የሚመጣው ከነጋዴው ላይ ከሚቈረጠው ክፍያ፣ ከዓመታዊው የካርድ ዋጋና ዕዳውን በወቅቱ ካልከፈለው ሰው ወለድ ነው። ዴልታ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በ2024 እ. ኤ. አ. ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ያገኘው ገንዘብ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። እንግዲህ አንዱ በነጻ ያገኘውን ሌላው ከፍሎታል ማለት ነው።

ወደ ሆሳዕና ስንመለስ የመጀመሪያው ችግር እዚህ ላይ ይታያል። የካርዱ አሠራር የታሰበው ገንዘብ ለሚያወጣ፣ በስሙ ለተመዘገበና በአይሮፕላን ለሚሄድ አንድ ሰው ነው። በሐዲያና በከምባታ ቤተ ሰብ ዘንድ ግን እነዚህ ብዙ ጊዜ ሦስት ሰዎች ናቸው። የትኬቱን ገንዘብ የሚልከው በደቡብ አፍሪካ ሱቅ የከፈተው ወንድም ነው፤ ወደ ዓረብ አገር የምትበረው እኅት ናት፤ በሆሳዕና ባንክ ሒሳብ ያለው አባት ወይም አጎት ነው። የበረራ ማይል የሚጻፈው በትኬቱ ላይ ስሟ ለሰፈረው ለተጓዧ እንጂ ገንዘቡን ለከፈለው አይደለም። እርስዋም በርካሽ ትኬት አንድ ጊዜ ሄዳ ለዓመታት ሳትመለስ ስለምትቈይ፣ ያገኘችው ጥቂት ማይል ለሌላ ጉዞ ሳይበቃ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ወንድምየውም ከጥገኝነት ወረቀት በቀር ሌላ ሰነድ ከሌለው የብድር ካርድ ማግኘት ይቸግረዋል።

ሁለተኛው ችግር የግዢው ዓይነት ነው። በሆሳዕና ገበያ ቆጮ፣ ቅቤ፣ እህልና ከብት የሚሸጠው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ በ2013 ዓ. ም. ከተጀመረው ከቴሌብር ወዲህም በስልክ መክፈል ተለምዷል። ካርድ የሚቀበል መኪና ያለው ሱቅ ግን ጥቂት ነው። ወደ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የሚወስደው አውቶቡስም ማይል አይሰጥም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የካርዱ ዓመታዊ ዋጋ 500 ብር፣ በ50 ብር ግዢ የሚገኘው 1 ማይል፣ የአንዱ ማይል ዋጋም 1 ብር ነው እንበል። ቤተ ሰቡ በወር 10,000 ብር አውጥቶ ከዚያ ውስጥ በካርድ የሚከፍለው 1,000 ብር ቢሆን፣ በዓመት የሚያገኘው 240 ማይል ነው፤ ስለዚህ 260 ብር ይከስራል። ኪሳራው እንዲቀር ብቻ በዓመት 25,000 ብር በካርድ መግዛት ይኖርበታል።

ለካርዱ የሚከራከሩ ሰዎች፣ ትንሽም ቢሆን ከባዶ ይሻላል ይሉ ይሆናል። ይህ ክርክር የሚጸናው ካርዱ ያለ ዋጋ ሲሰጥና ሰውየው ለማይሉ ብሎ ወጪውን ሳይጨምር ሲቀር ነው። በአገራችን አብዛኛው የባንክ ካርድ ከራስ ሒሳብ የሚቀነስበት እንጂ የብድር ስላልሆነ የወለዱ ሥጋት ቀላል ነው፤ በውጭ አገር የብድር ካርድ ለያዘው ዘመድ ግን የሁለት ወር ወለድ የዓመቱን ማይል ሊበላው ይችላል። መሬት ወይም ከብት ሸጦ መንገደኛ ለላከ ቤተ ሰብ ደግሞ አዲስ ዕዳ ቀልድ አይደለም። በማይል የተገኘ ትኬትም ቢሆን ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያ በገንዘብ ይጠየቅበታል።

ከዚህ ጋር የአገሩን ልማድ ማነጻጸር ይጠቅማል። በዚህ አካባቢ ሴቶች ወተታቸውን ወይም ቅቤያቸውን በተራ የሚሰባሰቡበት ዊጆ የተባለ ማኅበር አለ። ዊጆ ትርፍ አይጨምርም፤ ለታመመች ወይም ላሟ ለነጠፈችባት ሴትም መዋጮው ይከብዳል። ነገር ግን የሰጠችው ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ተራዋም መቼ እንደሚደርስ እያንዳንዷ ታውቃለች። የማይል ደንብ ግን አየር መንገዱ በፈለገ ጊዜ ይለወጣል፤ ትናንት ለአንድ ትኬት የበቃው ማይል ነገ ላይበቃ ይችላል።

ካርዱ ለማንም አይጠቅምም ማለት ግን አይደለም። በዓመት ብዙ ጊዜ ወደ ዱባይ ወይም ወደ ቻይና ለሚመላለስ ነጋዴ፣ መሥሪያ ቤቱ ትኬት እየገዛለት ለስብሰባ ለሚሄድ መምህር ጥቅሙ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ. ም. የስታር አልያንስ አባል ስለ ሆነ፣ ማይሉ በሌሎች አባል አየር መንገዶችም ያገለግላል። ከፋዩ፣ ተመዝጋቢውና ተጓዡ አንድ በሆኑበት ቦታ ሒሳቡ ይሰምራል።

ስለዚህ ካርዱን ለመውሰድ የሚያስብ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ በዓመት በእውነት በካርድ የምከፍለው ስንት ነው? የሚበረው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ? ማይሉ ጊዜው ሳያልፍ ለአንድ ትኬት ይሞላልኛልን? ለሦስቱም ጥሩ መልስ ያላገኘ ሰው የካርዱን ዋጋ ለእቁቡ ቢያደርገው ይሻለዋል። አየር መንገዶችም ቢሆኑ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ብሪቲሽ ኤርዌይስና ኤሚሬትስ ቤተ ሰብ ማይሉን በአንድ ላይ የሚያጠራቅምበት ደንብ አላቸው። ወንድም ለእኅቱ ትኬት በሚገዛበት አገር፣ ማይሉ ለቤተ ሰቡ በአንድነት የሚቈጠርበት ሰፊ ደንብ ቢኖር፣ ካርዱ ዛሬ በቃል የሚሰጠውን ተስፋ በሥራ ሊፈጽም ይችላል።