«ወለድ አግድ» እና «የአላባ ጥቅም»፦ የሁለት የሕግ ስያሜዎች ምዘና

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ተረቅቆ ወደ አማርኛ የተመለሰ እንደ መሆኑ መጠን፣ ተርጓሚዎቹ ቃልን ብቻ ሳይሆን የባዕድ አገር የሕግ ሥርዓትን ጭምር ማሻገር ነበረባቸው። ሥራቸው በጅምላ ሊመሰገንም ሊነቀፍም አይገባም፤ ስያሜ በስያሜ ሊመዘን ይገባል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው በቁጥር 3117 እና በተከታዮቹ የተደነገገው «ወለድ አግድ» ነው። ፈረንሳይኛው «አንቲክሬዝ» ከግሪክ የመጣ ሲሆን፣ ተበዳሪው በገንዘቡ ሲጠቀም አበዳሪውም በአጸፋው በተያዘው ንብረት መጠቀሙን ያመለክታል። አማርኛው ይህንኑ ግንኙነት ከሌላ ወገን አይቶ፣ በንብረቱ መጠቀም ወለድን የሚያግድ መሆኑን ይናገራል። ምስሉ ተለወጠ እንጂ ነገሩ አልተለወጠም። ፈረንሳዮች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ሕጋቸውን ለማቃለል ባወጡት ሕግ «አንቲክሬዝ»ን ትተው «የማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ» የሚል ትርጉም ባለው ስያሜ ሲተኩት፣ «ወለድ አግድ» ግን ዛሬም በገበሬውም በዳኛውም አፍ ይነገራል።

ሁለተኛው «የአላባ ጥቅም» ነው። ላቲኑ «ኡሱስ ፍሩክቱስ» መገልገልንና ፍሬን ጎን ለጎን ያቆማል፤ ቁጥር 1309ም ሁለቱንም መብቶች ይሰጣል። አላባ ግን ከንብረት የሚገኝ ፍሬና ገቢ ነው። «የ» የተባለችው ፊደል ጥቅሙን ለአላባው ስላስገዛችው፣ መገልገል ከስያሜው ወጥቶ ቀረ። በካዛንቺስ የሚገኝ አንድ ቤት በኑዛዜ ለልጅ ተሰጥቶ የአላባ ጥቅሙ ለእናት ቢቀር፣ ስያሜውን ብቻ ያነበበ ልጅ «ኪራዩን ትውሰድ እንጂ አትኖርበትም» ሊል ይችላል። ነገሩ ቂርቆስ ምድብ ችሎት ቢደርስ ዳኛው ድንጋጌውን አንብቦ ይፈርድላት ይሆናል፤ ስያሜው ራሱ ቢናገርላት ግን እናት ለሙግት ባልቆመች ነበር።

ካዛንቺስ ስሙን ከጣሊያንኛው «ካዛ ኢንቺስ» እንደወሰደ ሁሉ፣ የሕጉንም ቃል በድምፁ መዋስ ይሻላል የሚሉ ይኖራሉ። አንስማማም። የቦታ ስም ማመልከት ይበቃዋል፤ የሕግ ስያሜ ግን መብቱን መግለጽ አለበት።

ስለዚህ «የመገልገልና የአላባ መብት» የሚለውን እናቀርባለን። ነባሩ ስያሜ በብዙ ውልና ፍርድ ውስጥ ስለሚገኝ፣ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያሰፍር ይበጃል።