መርማሪና አራሚ፦ ስለ ፊልም ሳንሱርና ስለ ተመልካች ምርጫ

በሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ስለ ሳንሱር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ደራሲው ነው። የታገደው መጽሐፍ ይጠቀሳል፤ የተጋዘው ወይም ደብዛው የጠፋው ጸሐፊ ይታወሳል። አንባቢውና ተመልካቹ ግን እምብዛም አይወሱም። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ጉዳዩን ከተቀባዩ ወገን መመርመር ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው የሚያየውን ፊልም ሊመርጥ የሚገባው ማን ነው?

ሳንሱርን የሚደግፉ ወገኖች ባህላችን ራሱ ቁጥጥርን የሚያውቅ ነው ይላሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው። ከግሽ ዓባይ ብዙም በማይርቀው የቅኔ አገር፣ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ ተማሪ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ቤቱ ሲሰበር፣ ምሥጢሩ ሲፋለስ፣ ሰሙ ወርቁን መሸከም ሲያቅተው ያርመዋል። እርማቱ ጥብቅ ነው። ይሁን እንጂ አራሚው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የጥፋቱ ምክንያት በተማሪው ፊት ይነገራል፤ የታረመው ተማሪም ነገ በተራው አራሚ ለመሆን ይበቃል። የሳንሱር መርማሪ በሦስቱም ረገድ ተቃራኒ ነው። ስሙ አይታወቅም፤ ምክንያቱን እንዲገልጽ አይገደድም፤ ተቀባዩንም ለዘለዓለም እንደ ሕፃን ይቆጥረዋል። ስለዚህ የቅኔ ቤቱ እርማት ለሳንሱር ምስክር ሆኖ ሊጠራ አይችልም።

ሳንሱር በንባብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከሁለት መጻሕፍት እንመልከት። የአቸፈሩ ተወላጅ አቤ ጉበኛ «አልወለድም»ን በ1955 ዓ.ም. አሳትሞ ታገደበት። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ገበያ ላይ እንደዋለ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ቀረ። ሁለቱም መጻሕፍት በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዛወራቸው አልቀረም። እገዳው ንባብን አልገታም፤ አነባበብን ግን አዛባ። «ኦሮማይ»ን ብዙ አንባቢ የያዘው እንደ ምስጢራዊ ሰነድ ነው፤ «ይህ ገጸ ባሕርይ እገሌን ነው» የሚለው ግምት የተራኪውን አመለካከት፣ የፍቅሩን ታሪክና የከተማዋን አሣሣል ሸፈነው። መርማሪው የከለከለው ገጽ ሁሉ ወርቅ ብቻ የሚፈለግበት ሰም ሆነ። ሥራው እንደ ልብ ወለድ እንዲመዘን አንባቢው አስቀድሞ በነፃነት ማግኘት ነበረበት።

እርግጥ ነው፣ ፊልም ከመጽሐፍ ይለያል። ፊደል ያልቆጠረውም ያየዋል፤ ምስሉ ቶሎ ይዘልቃል፤ ብዙ ሰውም በአንድ ጣሪያ ሥር ይመለከተዋል። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ ልጁ ትምህርቱን ጥሎ ቪዲዮ ቤት እንዳይውል የሚሠጋ ወላጅ ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ይህ ሥጋት ስለ ልጁ ነው፤ ከልጁ ወደ አባቱ ሲሸጋገር ክርክሩ ይፈርሳል። የሰከላ ገበሬ በሽምግልና ተቀምጦ የሟችንና የገዳይን ወገን ቃል ያዳምጣል፣ ይመዝናል፣ ደም ያደርቃል። በ1966 ዓ.ም. የወጣው የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» የደም ካሳን የሚተርክ ፊልም ነው። እውነተኛውን ደም ለማድረቅ የሚታመን ሽማግሌ በመጋረጃ ላይ የሚታየውን ለመመዘን አይበቃም ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው? የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሲኒማዎች «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞ ነበር። ስያሜውን ያወጣው ሕዝቡ ነው፤ ውሎ አድሮ ገብቶና አይቶ ሐሳቡን የለወጠውም ሕዝቡ ራሱ ነው።

በዚህ ረገድ የሕጉ አቀራረጽ ጥንቃቄ የተሞላበት ንባብ ይሻል። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን መግለጽን ብቻ ሳይሆን መሻትንና መቀበልንም ይጠብቃል፤ በሥነ ጥበብ መልክ የቀረበውንም ይጨምራል። ይህ የተመልካቹ መብት ነው። ቀጥሎ የሥነ ጥበብ ፈጠራን ነፃነት ያረጋግጣል፤ የቅድሚያ ምርመራን ክልከላ ግን በፕሬስ ነፃነት ሥር ይዘረዝረዋል። ቃሉን ብቻ የሚከተል አንባቢ «ፊልም ፕሬስ አይደለም» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ንባብ ግን የአንቀጹን ሐሳብ ይጥላል፤ መቀበልን የፈቀደ ሕግ ለተቀባዩ የሚደርሰውን አስቀድሞ ማጥፋትን ሊፈቅድ አይችልምና። ይኸው አንቀጽ ለወጣቶች ደህንነትና ለሰው ክብር ሲባል በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይደነግጋል። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. ጠለፋን የሚመለከተው «ድፍረት» በብሔራዊ ቴያትር ሊታይ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሞ፣ ኋላ ለሕዝብ ቀርቧል። የዚያ ውሳኔ ትክክለኛነት ሊያከራክር ይችላል፤ ሆኖም ከሳሽ፣ ዳኛና ምክንያት ነበሩት።

በእንግሊዝ አገር በ1912 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፊልም ቦርድ በስሙ ውስጥ የነበረውን «ሳንሱር» በ1980ዎቹ «ምደባ» በሚል ቃል ተክቶታል። አሜሪካም በ1968 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን የክልከላ ደንብ በዕድሜ ምደባ ለውጣለች። ምደባ ፍጹም ባይሆንም ከእርማት ጋር የሚዛመድ ጠባይ አለው፤ ምክንያቱን ይናገራል፣ ውሳኔውን ለአዋቂው ይተዋል። በአጠቃላይ፣ ለልጆች ዕድሜን የሚለይ ግልጽ ደንብ፣ ለተበደለ ሰው ፍርድ ቤት፣ ለደካማ ፊልም ደግሞ በስሙ የሚጽፍ ሐያሲ ያስፈልጋል። የመጨረሻው በተለይ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዕዳ ነው። ሐያሲው ሥራውን ባልሠራበት ቦታ መርማሪው ስለ ባህል ጠባቂነቱ የሚያቀርበው ክርክር ተሰሚነት ያገኛል።